ሁለት እንቅስቃሴ፣ አንድ ጥንድ ጓንት
(የእጅ ሥራና የቋንቋ ትምህርት)

 

የዛሬው ትምህርት ለእጃችሁም ለአፋችሁም ነው። በእጃችሁ ጣቱ ክፍት የሆነ የሹራብ ጓንት ትሠራላችሁ። በአፋችሁ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ትቆጥራላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ታዝዛላችሁ። እንዲህ ያለ ጓንት መዳፍንና የእጅ አንጓን ያሞቃል፤ ጣቶች ግን ነጻ ናቸው። ስለዚህ አውቶቡስ ስትጠብቁም ሆነ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ስትሠሩ እርሳስ መያዝ፣ ገጽ መግለጥ፣ የኮት ቁልፍ መቆለፍ ትችላላችሁ።

ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትሠሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊወስድ ይችላል። አይዟችሁ! "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባል የለ? የሚያስደስተው ነገር፣ መማር ያለባችሁ የእጅ እንቅስቃሴ ሁለት ብቻ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ቀሪው ማፈራረቅ ነው።

ሹራብ ከሸማ በምን ይለያል?

ቤታችሁ ያለውን ነጠላ ወይም ጋቢ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሸማኔው ሲሠራው ሁለት ዓይነት ክር ተጠቅሟል። በቁመት የተወጠረው "ድር" ይባላል፤ በአግድም እየተወረወረ በድሩ መሐል የሚያልፈው ደግሞ "ማግ" ነው። ድርና ማግ ሲጠላለፉ ጨርቅ ይሆናሉ። ክሮቹ ቀጥ ብለው ስለተወጠሩ ሸማን ብትስቡት ብዙም አይለጠጥም።

ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። ያለው አንድ ረጅም ክር ብቻ ነው። ያ ክር እየታጠፈ ትንሽ ቀለበት ይሆናል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ይወጣል፤ በሁለተኛው ውስጥ ሦስተኛ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቀለበት ሲስቡት ቅርጹ ይለወጣል፣ ሲለቁት ደግሞ ይመለሳል። ካልሲ፣ ኮፍያና ጓንት በሹራብ አሠራር የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ እጅና እግርን ተከትለው ይለጠጣሉ።

ሶፋና ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ዳንቴልም ከቀለበት የተሠራ ነው። እሱ ግን የሚሠራው ጫፉ ቆልመም ባለ በአንድ ኪሮሽ ነው። ሹራብ ሁለት መርፌ ይፈልጋል፤ ቀለበቶቹም መርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አንድ ሙከራ አድርጉ። የለበሳችሁትን ቲሸርት በአጉሊ መነጽር እዩት። ከውጭ በኩል እንደ ቀስት ጫፍ ያሉ፣ ወደ ታች የሾሉ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረው ታያላችሁ። ቲሸርቱን ገልብጣችሁ ውስጡን ስታዩት ደግሞ ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። አዎ፣ ቲሸርትም ሹራብ ነው! ልዩነቱ ክሩ በጣም ቀጭን መሆኑና በማሽን መሠራቱ ነው። ይህን ሙከራ አትርሱት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ጥበቡም የቆየ ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል ግብፅ ውስጥ የተገኙ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1589 ደግሞ ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። ማሽኑ ያደረገው ሰዎች በእጃቸው ሲሠሩት የኖሩትን ቀለበት በፍጥነት መሥራት ነው።

የሚያስፈልጉን ነገሮች

• መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክር፣ አንድ ባለ 100 ግራም ጥቅል። በአሜሪካ ጥቅሉ ላይ ቁጥር 4 የተጻፈበት ማለት ነው። ሱፍ ቆዳችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ አክሪሊክ ይሆናል።
• ሁለት የሹራብ መሥሪያ መርፌ፣ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር (በአሜሪካ ቁጥር 7)። ለጀማሪ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ይሻላል፤ ብረት ያንሸራትታል፣ ቀለበቱም ያመልጣል።
• ትልቅ ዓይን ያለውና ጫፉ ደነዝ የሆነ የስፌት መርፌ።
• መቀስና የልብስ ሰፊ ሜትር።
• ደብተርና እርሳስ። ይህን አትናቁት፤ ለሁለተኛው ጓንት ያስፈልገናል።

የክሩ ቀለም ፈካ ያለ ይሁን። የነጠላ ጥለት የሚያምረው በቀለሙ ነው። የኛ ጓንት ግን አንድ ቀለም ስለሆነ የሚያምረው ወጣ ገባ በሆነው ገጹ ነው። ወጣ ያለው ብርሃን ያገኛል፤ ገባ ያለው ጥላ ይሆናል። ጥቁር ክር ላይ ይህ ጥላ አይታይም፤ ለጀማሪም ቀለበቶቹን መለየት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ፦ ቀጥ

ለዚህ ትምህርት እንዲመቸን ሁለቱን እንቅስቃሴዎች "ቀጥ" እና "ግልብጥ" ብለን እንጥራቸው። ስንጽፋቸው "ቀ" እና "ግ" ብለን እናሳጥራለን።

በመጀመሪያ ክሩ ጫፍ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ አንድ ሸምቀቆ ሥሩ። ሸምቀቆውን የግራ መርፌ ላይ አስገቡና ሳብ አድርጋችሁ አጥብቁት፤ በጣም አታጥብቁት። ይህ የመጀመሪያው ቀለበታችሁ ነው። ቀጥ የሚሠራው በአራት ትእዛዝ ነው፦

1. አስገባ፦ የቀኝ መርፌን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ።
2. ጠምጥም፦ ከኋላ ያለውን ክር በቀኝ መርፌ ጫፍ ዙሪያ አንድ ጊዜ፣ በሁለቱ መርፌዎች መካከል እንዲያልፍ። አዟዟሩ ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ ነው።
3. አውጣ፦ የቀኝ መርፌው ጫፍ የተጠመጠመውን ክር ይዞ በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት ይውጣ።
4. ጣል፦ አሮጌውን ቀለበት ከግራ መርፌ ላይ ጣሉት። አዲሱ ቀለበት ቀኝ መርፌ ላይ ቀርቷል።

አስገባ፣ ጠምጥም፣ አውጣ፣ ጣል! እየሠራችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። እጃችሁ ቶሎ የሚለምደው በዜማ ሲሆን ነው።

ግን አንድ ቀለበት ብቻ ይዘን ምን እንሠራለን? መጀመሪያ መሠረቱን መጣል አለብን። መሠረት ስንጥል አራተኛዋን ትእዛዝ በ"ጫን" እንለውጣታለን፦ አስገባ፣ ጠምጥም፣ አውጣ፣ ጫን። ማለትም አሮጌውን ቀለበት አንጥለውም፤ አዲሱን አጠገቡ የግራ መርፌ ላይ እንጭነዋለን። እንዲህ እያደረጋችሁ 21 ቀለበት እስኪሞላ ጫኑ፤ ሸምቀቆው ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

አሁን 21ዱንም ቀጥ ሥሩ። ሁሉም ወደ ቀኝ መርፌ ሲሻገሩ አንድ ረድፍ አለቀ። ሥራውን አዙሩ፣ መርፌዎቹን እጅ ለእጅ አለዋውጡና እንደገና ጀምሩ። አሥር ረድፍ ያህል ተለማመዱ።

ትንሽ ሰዋስው

ከላይ ያሉት ትእዛዞች ለአንድ ወንድ ልጅ የተጻፉ ናቸው። አማርኛ ግን ማንን እንደምናዝዝ ይጠይቃል፦

ለወንድ ልጅ፦ አስገባ፣ ጠምጥም፣ አውጣ፣ ጣል
ለሴት ልጅ፦ አስገቢ፣ ጠምጥሚ፣ አውጪ፣ ጣይ
ለብዙ ሰው፦ አስገቡ፣ ጠምጥሙ፣ አውጡ፣ ጣሉ
በአክብሮት፦ ያስገቡ፣ ይጠምጥሙ፣ ያውጡ፣ ይጣሉ

ታናሽ እህታችሁን ስታስተምሩ "አሁን ጠምጥሚ" ትላላችሁ። አያታችሁን ስታስተምሩ ግን "አያቴ፣ አሁን ክሩን ይጠምጥሙ" ነው። አያቴን "ጣይ" ብሎ ማዘዝ አለ እንዴ? አስተማሪው ልጅ ቢሆንም እንኳ አክብሮቱ አይቀርም።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ፦ ግልብጥ

ግልብጥም ያው አራት ትእዛዝ ነው። የሚለየው አቅጣጫው ነው። በመጀመሪያ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መካከል አልፎ ወደ ፊት ይምጣ። ቀጥሎ፦

1. አስገባ፦ የቀኝ መርፌን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራው መርፌ ፊት ለፊት ሆኖ።
2. ጠምጥም፦ ፊት ያለውን ክር በቀኝ መርፌ ጫፍ ላይ፣ አሁንም ከሰዓት ዘንግ ተቃራኒ።
3. አውጣ፦ አሁን ግን ወደ ኋላ።
4. ጣል፦ አሮጌውን ቀለበት።

አስተውሉ! ለቀጥ ክሩ ከኋላ ነው፤ ለግልብጥ ክሩ ከፊት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል አሳልፉት። በመርፌው ላይ አሳልፋችሁ ካመጣችሁት ያልታሰበ ተጨማሪ ቀለበት ይፈጠራል። ጀማሪ ሠራተኛ ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የእንቆቅልሹ ፍቺ

ቲሸርቱን አስታወሳችሁ? ከውጭ የቀስት ጫፍ፣ ከውስጥ ጉብታ። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ቀጥና ግልብጥ የአንድ ቀለበት ፊትና ጀርባ ናቸው። ከእናንተ በኩል ቀጥ የሆነው ከማዶ ሆኖ ለሚያየው ግልብጥ ነው። ቅድም ቀጥ ብቻ ሠርታችሁ ሳለ ጨርቁ ላይ ጉብታ ያያችሁትም ለዚህ ነው፤ በየረድፉ ሥራውን ስለምታዞሩት ያለፈው ረድፍ ጀርባ ወደ እናንተ ይመጣል።

ይህን ከያዝን ሁለት ጥለት እንሥራ።

ጥለት ሀ፦ ሸንተረር
1ኛ ረድፍ፦ ቀ ግ ቀ ግ ቀ
2ኛ ረድፍ፦ ግ ቀ ግ ቀ ግ

ጥለት ለ፦ ዘር
1ኛ ረድፍ፦ ቀ ግ ቀ ግ ቀ
2ኛ ረድፍ፦ ቀ ግ ቀ ግ ቀ

እዚህ አምስት ቀለበት ብቻ ጻፍን፤ እናንተ እስከ ረድፉ መጨረሻ እያፈራረቃችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለቱን ረድፎች ደጋግሙ። በሁለቱም ጥለት ቀለበቶቹ ጎደሎ ቁጥር መሆን አለባቸው።

አሁን የሚገርመውን እዩ። በሸንተረር ሁለቱ ረድፎች በጽሑፍ ይለያያሉ፤ ጨርቁ ላይ ግን ቀጥ በቀጥ ላይ እየወጣ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። በዘር ሁለቱ ረድፎች በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ጨርቁ ላይ ግን ቀለበቶቹ ይፈራረቃሉ፤ መሬት ላይ እንደተበተነ እህል ይመስላል። ለምን? ሥራውን ስለምናዞረው ነው። በሁለቱ ጥለቶች መካከል ያለው ልዩነት ሁለተኛው ረድፍ በምን እንደሚጀምር ብቻ ነው!

ሁለቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሸንተረር እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ በጣም ይለጠጣል፤ ለእጅ አንጓ ይህ ይፈለጋል። ዘር ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ጠርዙም አይጠቀለልም፤ በጉብታዎቹም መሐል አየር ይይዛል። የተያዘ አየር ደግሞ ሙቀት ይጠብቃል። ለመዳፍ የመረጥነው ለዚህ ነው።

ማንበብ እንጂ መሸምደድ አይደለም

ፊደል ስትማሩ መጀመሪያ ላይ "ሀ ሁ ሂ" ብላችሁ በቃላችሁ ወጣችሁት። ኋላ ግን ፊደሉን አይታችሁ ማንበብ ጀመራችሁ። ሹራብም እንዲሁ ነው። "አሁን ቀጥ ነበርኩ ወይስ ግልብጥ?" ብላችሁ ግራ ስትጋቡ፣ መልሱ መርፌው ላይ ተጽፏል። ከቀለበቱ ሥር ያለውን እዩ፦

ለስላሳና የቀስት ጫፍ የሚመስል ከሆነ ፊታችሁ ያለው ቀጥ ነው።
አንገቱ ላይ ማተብ ወይም ሐብል ያሰረ የሚመስል ከሆነ ፊታችሁ ያለው ግልብጥ ነው።

ደንቡም አጭር ነው። ለሸንተረር፦ ያያችሁትን ድገሙ። ለዘር፦ ያያችሁትን ገልብጡ። ይህን የተማረ ልጅ ስልክ ተደውሎ ወይም እራት ቀርቦ ሥራውን ቢያቋርጥ እንኳ ተመልሶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስንት ቀለበት እንጀምር?

በልምምዱ 21 ቀለበት ላይ የዘርን ጥለት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሥሩ። ሳትስቡ ጠረጴዛ ላይ አኑሩትና በ10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። 18 ከሆነ በጣም ጥሩ። ከ18 ከበለጠ እጃችሁ ያጠብቃል ማለት ነው፤ ወፈር ያለ መርፌ ያዙ። ካነሰ እጃችሁ ያላላል፤ ቀጠን ያለ መርፌ ያዙ።

ቀጥሎ አውራ ጣትን ሳትጨምሩ የመዳፋችሁን ዙሪያ ለኩ። ጓንቱ ስለሚለጠጥ 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። የቀረውን በ1.8 አባዙና ለውጤቱ ቅርብ የሆነውን ጎደሎ ቁጥር ውሰዱ። ለምሳሌ መዳፋችሁ 16 ከሆነ፦ 16 ሲቀነስ 1 ይሆናል 15፤ 15 ሲባዛ በ1.8 ይሆናል 27። መሠረታችሁ 27 ቀለበት ነው።

ጓንቱን እንሥራ

1. የክሩን ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ 27 ቀለበት ጫኑ (ወይም የራሳችሁን ቁጥር)።
2. 14 ረድፍ ሸንተረር ሥሩ። ይህ የእጅ አንጓ ክፍል ነው፤ ቁመቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።
3. 24 ረድፍ ዘር ሥሩ፤ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ረድፍ በቀ ይጀምራል፣ በቀ ያልቃል።
4. እንደገና 6 ረድፍ ሸንተረር ሥሩ። ይህ ከጣቶቹ ሥር ያለው ጠርዝ ነው።
5. ዝጉ፦ ሁለት ቀለበት ቀጥ ሥሩ። የመጀመሪያውን በግራ መርፌ ጫፍ አንሥታችሁ በሁለተኛው ላይ አሳልፉና ጣሉት። አንድ ቀረ። ሌላ አንድ ሥሩ፣ አሁንም ያለፈውን አሳልፋችሁ ጣሉ። አታጥብቁ፤ ከጠበቀ እጃችሁ አይገባም። መጨረሻ ላይ አንድ ቀለበት ሲቀር ክሩን 40 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ቁረጡ፣ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡ።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው። "ጓንቱ የታለ?" እንዳትሉ! አጥፉትና ሁለቱን የጎን ጠርዞች አገናኙ። በስፌት መርፌው ከታች ጀምራችሁ ሸንተረሩን በሙሉና 8 ረድፍ ዘር ስፉ። 12 ረድፍ ክፍት ተዉ፤ አውራ ጣት የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም የቀረውን 4 ረድፍ ዘርና 6 ረድፍ ሸንተረር ከላይ በተረፈው ክር ስፉ። የክሮቹን ጫፍ በውስጥ በኩል በቀለበቶቹ መሐል አሽሎክልኩና የተረፈውን ቁረጡ።

ይህ ጓንት ቀኝና ግራ የለውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

ችግር ሲያጋጥም

ቁጥሩ ከበዛ፦ ክሩ በመርፌው ላይ ዞሮ ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ቀለበት ድረስ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ፍቱ።
ቁጥሩ ካነሰ፦ አንድ ቀለበት አምልጧል። አትሳቡት! ክሩን ከሳባችሁት ቀለበቱ ወደ ታች እየተፈታ ይሄዳል። ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አኑራችሁ ቀለበቱን በመርፌ ጫፍ ያዙት፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ጥሩ።
ጥለቱ ከተሳሳተ፦ ፈትታችሁ ድገሙት። የሹራብ ክር አንድ ስለሆነ ሲፈታ አይበላሽም፤ ያው ክር እንደገና ይሠራል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን በየረድፉ መጨረሻ መቁጠር ነው። አንድ ረድፍ መፍታት ቀላል ነው፤ አሥር ረድፍ መፍታት ግን ያስለቅሳል።

ሁለተኛው ጓንት

ብዙ ሰው አንዱን ጓንት በደስታ ይጨርስና ሁለተኛውን ሳይጀምር ይተወዋል። አዲስ ነገር የለውማ! አንድ እጅ ብቻውን እንደማያጨበጭብ ሁሉ አንድ ጓንትም ብቻውን ጓንት አይባልም። ስለዚህ ሁለት ምክር እንስጣችሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን በዘጋችሁበት ቀን ሳትነሡ የሁለተኛውን መሠረት ጣሉ። መርፌው ላይ የተጀመረ ሥራ ይጠራል፤ ያልተጀመረ ግን ይረሳል። ሁለተኛ፣ ደብተራችሁ ላይ ስንት ቀለበት እንደጫናችሁና ስንት ስንት ረድፍ እንደሠራችሁ ጻፉ። በዓይን ግምት ከሠራችሁ አንዱ ረዝሞ አንዱ ያጥራል። በቁጥር ከሠራችሁ ግን ጥንድ ይሆናሉ።

ሲያልቅ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና በእጃችሁ እጠቡት። ሱፍ ከሆነ በፈላ ውኃና በመታጠቢያ ማሽን አይታጠብ። የሱፍ ፀጉር ቅርፊት የሚመስል ገጽ አለው፤ በሙቀትና በማሸት እርስ በርሱ ይቆላለፍና ጓንቱ ለአሻንጉሊት የሚሆን ያህል ይጠባል። አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ዘርግታችሁ አድርቁት።

ለወላጆች

ብዙዎቹ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሱን ግን በሌላ ቋንቋ ይሰጣሉ። ሲቆጥሩም እስከ አሥር በአማርኛ ይሄዱና ከዚያ በኋላ ይሻገራሉ። "ሃያ ሰባት በል" ብሎ ማዘዝ ብዙም አይጠቅምም፤ ልጁ ቁጥሩን የሚፈልግበት ሥራ ሲያገኝ ግን ይለያል። አንድ ጓንት 44 ረድፍ ነው፤ ጥንዱ 88። በየረድፉ የሚቆጥር ልጅ ጓንቱን ሲጨርስ 88 ጊዜ በአማርኛ እስከ ሃያ ሰባት ቆጥሯል ማለት ነው። በየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ነው ይህን ያህል መልመጃ የሚገኘው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችሁ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስትሠሩ አማርኛ ብቻ ተናገሩ። ቃል ሲጠፋባቸው ንገሯቸውና እንዲደግሙት አድርጉ፤ አትሳቁባቸው። ሹራብ የምታውቅ አያት ወይም አክስት ካለች ደግሞ በስልክም ቢሆን ልጁ ራሱ ይጠይቃት። የቤታችሁ ሰዎች ለቀጥና ለግልብጥ ሌላ ስም ካላቸው የእነሱን ስም ያዙ።

ትንንሽ ልጆች መርፌ ይዘው እንዳይሮጡ፣ መቀሱም ከእጃቸው እንዲርቅ አደራ።

የቃላት ፍቺ

ጥንድ፦ ሁለት ሆነው አብረው የሚሄዱ ነገሮች፤ ለምሳሌ ጫማ፣ ካልሲ፣ ጓንት።
ረድፍ፦ በመስመር የተሰለፉ ነገሮች።
ሸምቀቆ፦ ሲስቡት የሚጠብቅ ቋጠሮ።
ሸንተረር፦ ከፍና ዝቅ ያለ መስመር።
ጎደሎ ቁጥር፦ ለሁለት እኩል የማይከፈል ቁጥር፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7።
ክረምት፦ እዚህ የብርድና የበረዶ ወራትን ክረምት እንላለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። አያታችሁ "ክረምቱ ገባ" ቢሏችሁ ዝናቡ መጣ ማለታቸው ነው።

መልመጃ

1. የመዳፏ ዙሪያ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ስንት ቀለበት ትጫን?
2. 27 ቀለበትና 44 ረድፍ ያለው አንድ ጓንት በጠቅላላው ስንት ቀለበት አለው? ጥንዱስ?
3. ለአያታችሁ "ቀለበቱን ጣል" የሚለውን በአክብሮት እንዴት ትሉታላችሁ?
4. ከባድ ጥያቄ፦ አንድ ልጅ ተሳስቶ በ27 ፈንታ 28 ቀለበት ጫነ። ሁሉንም ረድፍ በቀ ጀምሮ ቀ ግ ቀ ግ እያለ ቢሠራ የትኛው ጥለት ይወጣለታል? መጀመሪያ አስቡ፤ ከዚያ በመርፌ ሞክሩት።

መልስ

1. 18 ሲቀነስ 1 ይሆናል 17፤ 17 ሲባዛ በ1.8 ይሆናል 30.6፤ ስለዚህ 31።
2. 1,188፤ ጥንዱ 2,376።
3. "አያቴ፣ ቀለበቱን ይጣሉ።"
4. ሸንተረር ይወጣለታል። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ ረድፉ በግ ያልቃል። ሥራውን ሲያዞረው ያ ግልብጥ ከጀርባው ቀጥ ሆኖ ይታያል፤ እሱም ቀጥ ይሠራበታል። ያየውን ደገመ ማለት ነው።

የጨረሳችሁትን ጥንድ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ ወደ ክፍል ኑ። ለጓደኞቻችሁ እንዴት እንደሠራችሁት በአማርኛ ትነግሯቸዋላችሁ። መልካም የእጅ ሥራ!